ተሳቢዋ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ

ሰሞኑን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ከተማው መግቢያ ላይ መንገድ የሚጠግኑ ሰዎች አስቆሙን። በርሜል ውስጥ ሬንጅ ይፈላል። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጄ አፍንጫዋን ይዛ፣ "አባዬ፣ መስኮቱን ዝጋው፣ ይሸታል" አለችኝ። አልዘጋሁትም። እንዲያውም አንገቴን አውጥቼ ማግሁት። ለእሷ ክፉ ሽታ የሆነው ለእኔ የአንድ በጋ ሽታ ነው፤ አስፋልት ለመጀመሪያ ጊዜ በደጃችን ያለፈበት፣ እኔም ተሳቢዋን የተማርሁበት በጋ።

"ምን ያስቅሃል?" አለች። ልጆቼ ስስቅ ብዙ ጊዜ አያዩኝም፤ መጠየቋ አያስወቅሳትም። መንገዱ እስኪከፈት የጀመርሁላትን ነገር እነሆ እስከ መጨረሻው እጽፈዋለሁ።

አባቴ አናጢ ነበር። መንገዱን የሠሩት ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ካምፓቸውን ሲያፈርሱ ትርፍራፊ ጣውላቸውን ለከተማው አናጢዎች ሸጡ። አባቴ በጋሪ ካስጫነው ክምር ውስጥ ማንም ያላዘዘው ነገር ወጣ። ርዝመቱ ክንድ ከስንዝር የሚሆን፣ ሁለት ጫፉ እንደ ታንኳ ሽቅብ የታጠፈ፣ ከሥሩ አራት ትንንሽ ጎማ ያለው ሳንቃ ነው። ፊቱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል።

አባቴ ገለባብጦ አየው። ጎማውን በአውራ ጣቱ ቢገፋው ኩሽኔታው ያለ ድምፅ ዞረ፤ ዞሮም ቶሎ አልቆመም። አባቴ አንድን ዕቃ "አላውቀውም" ማለት የማይወድ ሰው ነበር፤ በዚህ እኔም እሱን ወጥቻለሁ።

"ይኸ የመካኒክ ነው" አለ። "ጀርባውን አስተኝቶ መኪና ሥር ይገባበታል። የሻከረውም እንዳያንሸራትተው ነው።"

ማን ይከራከረዋል? እኔም በጀርባዬ ተኝቼ፣ በእግሬ እየገፋሁ፣ ሰማይ ሰማይ እያየሁ በአዲሱ አስፋልት ዳር መንሸራተት ጀመርሁ። በየቀኑ ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና ስለሚያልፍ እኛ ልጆች ሳንቃዋን "ተሳቢዋ" አልናት። እናቴ ሸሚዜን ወደ ብርሃን አንሥታ፣ "ይህን ልጅ ጀርባውን የሚግጠው ምን አውሬ ነው?" ትል ነበር።

በዚያው ሰሞን አያ ደሴ መጣ። አያ ደሴ ቡሬ ላይ ጋራዥ ያለው የአባቴ ወዳጅ ነው፤ የመፍቻ ማስቀመጫ ሣጥን ሊያዝ ነበር የመጣው። ሳንቃዋን ሲያይ ዓይኑ በራ።

"ኧረ አንተ ሰው፣ እኔ ካርቶን ላይ እየተኛሁ ወገቤ አለቀ እኮ። ይህችን ከየት አመጣሃት?"

"ከደስታህ አላጣላህም" አለ አባቴ። "ሣጥኑ ለጥምቀት ይደርሳል፤ ስትወስደው እሷንም አብረህ ውሰዳት።"

አባቴ ቃል ሰጠ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ያን ጊዜ ብዙም አልከፋኝም። በጀርባ መንሸራተት ሰልችቶኝ ነበር።

የከፋኝ ከዚያ በኋላ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበረች። የመግቢያ ገንዘብ የሌለን ልጆች በቆርቆሮው ሽንቁር በየተራ አንድ ዓይናችንን እናስገባለን። ተራው የይበልጣል ነበር፤ ይበልጣል የሰፈሬ ልጅ፣ የቄስ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። ድንገት ዓይኑን ሳያነሣ ክንዴን ጨመደደኝ።

"ቆመባት" አለ።

"ማን?"

"ልጁ። ተሳቢያችሁ ላይ ቆመባት።"

ገፍትሬው አየሁ። አንድ ልጅ በተሳቢዋ እኅት ላይ ቆሞ እንደ ወፍ ይሄዳል። ሄዶ ሄዶ ከነሳንቃው ዘለለ። ከዚያም በአየር ላይ ሳለ ሳንቃው ከእግሩ ሥር እንደ ዓሣ ተገለባበጠና ተመልሶ እግሩ ሥር ተገኘ። አባቴ ተሳስቷል፤ ተሳቢዋ የመተኛ አይደለችም። ለጥምቀት ደግሞ ወደ ቡሬ ልትሄድ ነው።

ያን ቀን እየሮጥን ተመለስን። ሩጫችን እንኳ ተራ ሩጫ አልነበረም፤ በየመንገዱ እንዘልል ነበር።

እንግዲህ የሚያስተምረኝ ሰው የለም። ዛሬ ልጆች የሚሹትን ሁሉ በስልክ ያያሉ፤ አይተው ሲያበቁ ያወቁት ይመስላቸዋል። እኔ ያየሁት በአንድ ሽንቁር፣ በአንድ ዓይን ነው። ነገር ግን ይበልጣል መላ አመጣ። እኛ የምናውቀው የመማር መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ በየማለዳው ከየኔታ ዘንድ የምንማረው ፊደል። ፊደል ከግዕዝ ተነሥቶ፣ ካዕብ፣ ሳልስ እያለ ሰባተኛው ሳብዕ ላይ ይደርሳል። ግዕዙን ሳያውቁ ወደ ካዕብ ማለፍ የለም፤ የሳተም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ይበልጣል ሸምበቆ ቆርጦ እንደ የኔታ ብብቱ ሥር ሸጎጠና አወጀ።

"ግዕዝ፦ ሳይወዛወዙ መቆም። ካዕብ፦ በአንድ እግር ገፍቶ መሄድ። ሳልስ፦ መዞር። ራብዕ፦ ቁልቁል ወርዶ መቆም። ኃምስ፦ አፍንጫዋን አንሥቶ ወደ ኋላ መመለስ። ሳድስ፦ ከነእሷ መዝለል።"

"ሳብዕስ?"

"ሳብዕማ ያ ነው" አለና እጁን እንደ ዓሣ ገለበጠው።

ግዕዝ ቀላል ይመስላል። አይደለም። አስፋልት ላይ ቆሜባት ገና ሁለተኛውን እግሬን ሳነሣ ተሳቢዋ ወደ ፊት፣ እኔ ወደ ኋላ ሄድን። መቀመጫዬ ላይ ወድቄ እንባዬ መጣ፤ እውነቱን ለመናገር አለቀስሁ። ይበልጣል ግን በሸምበቆው መሬቱን መትቶ፣ "ከግዕዝ" ይላል። በማግሥቱ ሣር ላይ አድርገናት ጎማዋ እንዳይዞር ቆምሁባት። ከዚያ ጠጠር ላይ፣ ከዚያ አስፋልት ላይ። ካዕብን ያገኘሁ ቀን፣ ነፋስ በጆሮዬ ሲያልፍ የሰማሁ ቀን፣ የላህን ውኃ ተሻግሬ ማርቆስ የምገባ መስሎኝ ነበር።

ሳልስ ላይ ግን ተያዝሁ። ልዞር ስል እንደ ግንድ እገነደሳለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት ይበልጣል "ሳልስ በል፣ ሳልስ" እያለ ሲጮኽብኝ የኔታ ልሳነ ወርቅ ከለቅሶ ቤት ሲመለሱ ደረሱብን። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ቆሙ።

"እሰይ፣ በመንገድም ላይ ፊደል ትደግማላችሁ?" አሉ ደስ ብሏቸው።

ሁለታችንም አቀረቀርን። የኔታን መዋሸት የማይታሰብ ነው። ይበልጣል ሸምበቆውን ከኋላው ደብቆ፣ "የኔታ፣ ይኸ… የእግር ፊደል ነው" አላቸው።

ጅራፍ ጠበቅን። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው፣ "ስንተኛው ላይ ደረስህ?" አሉ።

"ሳልስ ላይ ነኝ፣ የኔታ። ይጥለኛል።"

"እስቲ ሲጥልህ አሳየኝ።"

ገፋሁ፤ ልዞር ስል ተገነደስሁ። የኔታ አልሳቁም።

"ጉልበትህን ለምን ታደርቀዋለህ? በማኅሌት የሚቆም ሰው ጉልበቱን ካደረቀ ጎሕ ሳይቀድ ይወድቃል። ደግሞ እግርህን አትይ። የሚያሸበሽብ ሰው እግሩን አያይም፤ እግሩ ይከተለዋል።"

ይህን ብለው መቋሚያቸውን አስፋልቱ ላይ ተክለው ጉልበታቸውን ላላ አደረጉና ወደ ቀኝ ዘነበሉ፤ ከዚያ ወደ ግራ። ጋቢያቸው አብሯቸው ይዞራል። የሚያልፍ ሾፌር ጥሩምባ ነፋባቸው፤ እሳቸው አልቸኮሉም። ዘንበል ማለት እንጂ መታጠፍ እንደማያስፈልግ በዓይኔ አየሁ። የዚያኑ ዕለት ዞርሁ።

የልጅ ነገር ነውና አንድ ነገር በልቤ አሳደርሁ፤ የኔታ በወጣትነታቸው ቅኔ ሊማሩ ሩቅ አገር ሲሄዱ በእንዲህ ያለች ተሳቢ ሳይሄዱ አልቀሩም። ባይሆንማ ይህን ከየት ያውቁታል? ለይበልጣልም ነገርሁት። እሱ ደግሞ አምኖ ለቄስ ትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ አዳረሰው።

ራብዕና ኃምስ ጫማዬን ጨረሱት እንጂ ብዙ አላንገላቱኝም። ሳድስ ግን ሌላ ነገር ነው። በሽንቁሩ ያየነው ልጅ ሲዘል ሳንቃው እግሩን ተከትሎ ይነሣ ነበር፤ እንዴት? በዚህ ጉዳይ እኔና ይበልጣል ተጣልተን እስከ መኮራረፍ ደረስን። እሱ "ልምድ ነው" ይላል። እኔ የአናጢ ልጅ ነኝ፤ "ሙጫ ነው" አልሁ። ከአባቴ የእንጨት ሙጫ ቀንሼ የሸራ ጫማዬን ሶል ቀባሁ፤ ተሳቢዋ ላይ ቆሜ እስኪደርቅ ድረስ እንደ ሐውልት ጠበቅሁ። ይበልጣል ዝንብ እሽ ይልልኛል። ከዚያም ባለ በሌለ ኃይሌ ዘለልሁ። እኔ ተነሣሁ። ጫማዬ ከተሳቢዋ ጋር ቀረ።

"እነሆ፣ ጫማህ ሳድስን አልፏል" አለኝ ይበልጣል።

መፍትሔው የመጣው ሳልፈልገው ነው። በአባቴ ሥራ ቤት ጉማጅ ላይ የተጋደመ ጣውላ ነበር። ሳላይ አንዱን ጫፍ ብረግጠው ሌላው ተነሥቶ አገጬን አለኝ። አባቴ፣ "ዓይንህ የት ነው?" ብሎ ተቆጣ። እኔ ግን አገጬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። የተሳቢዋ ጭራ ወደ ላይ የታጠፈው ለዚህ ነው! ጭራዋን በኋላ እግር ሲመቱት አፍንጫዋ ይነሣል፤ ያን ጊዜ የፊት እግር በሻካራው ፊቷ ላይ ሽቅብ እየታሸ ይዟት ይወጣል። ሻካራው ለመካኒክ ጀርባ አልነበረም፤ ለጫማ ነበር። እየደማሁ ሮጥሁ።

ለልጆቼ ሁልጊዜ የምላቸው ነገር አለ፤ መጽሐፍ ያላስተማረህን ሥራ ያስተምርሃል። እነሱ ይህን ሲሰሙ ይተያያሉ። ይተያዩ። እኔ አገጬ ላይ ያለው ጠባሳ ምስክሬ ነው።

ሳድስን በጣውላ ስባሪ ላይ፣ ቀጥሎ በጡብ ላይ ዘለልሁ። ከዚያ በጥጋቤ በርበሬ ላይ ሞከርሁ። የአዝመራ ጊዜ ነበር፤ አስፋልቱ ስለሚሞቅ ሰው ሁሉ በርበሬውን ዳር ዳሩን ያሰጣል፤ መንገዱ ከሩቅ ሲያዩት ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ ይመስላል። የጎረቤታችን የእትየ ሰብለ ሰሌን ከሁሉ ጠበብ ያለ ነበር። መጣሁ፣ ጭራዋን መታሁ፣ ቀጭ አለች፤ በርበሬው ከሥሬ ቀይ ሆኖ አለፈ፤ ወዲያ ማዶ ቆሜ ተገኘሁ። ያን ያህል ደስታ በአንድ ልጅ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ዛሬም አይገባኝም። ይበልጣል ሸምበቆውን ወርውሮ ይጨፍራል።

ቢበቃኝ ጥሩ ነበር። ደገምሁት፤ በርበሬው መሀል ወረድሁ።

ዓይኔ ጠፍቶ ስንከባለል እትየ ሰብለ በላዬ ቆማ ነበር። "አንት የአናጢ ልጅ፣ በርበሬዬን በልብስህ ልትፈጨው ነው? ቆይ፣ ለድልህ ቅቤ ላምጣልህ?" እያለች በአንድ እጇ ትመታኛለች፤ በሌላው ዓይኔን በውኃ ታጥበኛለች። ከዚያም እጄን ይዛ አባቴ ዘንድ አደረሰችኝ።

አባቴ መላጊያውን አስቀምጦ ሰማት። ስትሄድ ተሳቢዋን አነሣት፤ ጭራዋ ተፍቆ አልቆ ነበር።

"የሰው ዕቃ ነው የምታጠፋው" አለኝ። "ለደሴ የተሰጠች መሆኗን ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"አባባ፣ የመተኛ አይደለችም። የመቆሚያ ናት። ትምህርት አላት። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ አላት፤ የኔታም ያውቃሉ።"

አባቴ ተሳቢዋን ገልብጦ ጎማዋን በአውራ ጣቱ ገፋው። ተሳስተሃል ማለቴ እንደሆነ ገብቶታል።

"ትምህርት ከሆነ እንደ ትምህርት ትደግማለህ" አለ በመጨረሻ። "ደሴ በመጣ ቀን፣ የኔታ ባሉበት፣ በእግርህ። ሳትወድቅ ከጨረስህ ለደሴ እኔ ሌላ እሠራለታለሁ። ከወደቅህ ግን ቃሌ ቃል ነው፤ ትሄዳለች።"

የቀረኝ ሳብዕ ነበር። ሳብዕ ማለት በሳድስ ላይ ሆኖ፣ በአየር ላይ ሳሉ የፊት እግርን ወደ ጎን ሸርተት አድርጎ ሳንቃዋን ማገላበጥና ሳትወርድ መቀበል ነው። በጽሑፍ ይኸው አለቀ። በእግር ግን ወይ አትገለበጥም፣ ወይ ተገልብጣ ጎማዋን ሽቅብ ይዛ ትጠብቀኛለች፣ ወይ ጠርዟ ቅልጥሜን ይለኛል። የገና በዓል አለፈ፤ እግሬ በየቀለሙ አበጠ። ትዕግሥተኛ ነበርሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አልነበርሁም። ግትር ነበርሁ። ብዙ ጊዜ ሰው ትዕግሥት ብሎ የሚያመሰግነው ግትርነትን ነው።

አያ ደሴ ለጥምቀት ዋዜማ በአይሱዙ መጣ። ሣጥኑ ተጭኖ ሲያልቅ አባቴ የኔታን ከቤተ ክርስቲያን ጠርቶ መጣ። እትየ ሰብለም በርበሬዋን ሰብስባ በሯ ላይ ቆመች። ይበልጣል ከፍ ካለው ቦታ ሆኖ መኪና ሲመጣ እንዲያፏጭ ተመደበ።

የኔታ ዱካ ላይ ተቀመጡና ልክ በትምህርት ቤት እንደሚሉት፣ "ግዕዝ" አሉ።

ቆምሁ። "ካዕብ" ሲሉ ገፋሁ። "ሳልስ" ሲሉ ጉልበቴን አላልቼ፣ እግሬን ሳላይ ዞርሁ፤ መቋሚያቸው አብሮኝ ሲዘነብል በዓይኔ ጥግ አየሁት። ራብዕን ወረድሁ፣ ኃምስን ተመለስሁ። "ሳድስ" ሲሉ ዘለልሁ። አያ ደሴ "ኧረ በሥላሴ" ብሎ ከመኪናው ወረደ።

"ሳብዕ" አሉ የኔታ።

ጭራዋን መታሁ፤ ተነሣን። ሸርተት አደረግሁ፤ ተገለበጠች። ተቀበልኋት ስል አንድ እግሬ ብቻ አገኛት። በክርኔ አስፋልቱ ላይ ወረድሁ፤ ተሳቢዋም ብቻዋን ሄዳ ከአያ ደሴ ጫማ ጋር ተጋጭታ ቆመች።

ከዚያ አያ ደሴ፣ "አይ ልጄ፣ ብትተኛባት ኖሮ አትጥልህም ነበር" አለ።

አባቴ ሄዶ አነሣት። ፊቱን አላየሁትም፤ ጀርባውን ነው ያየሁት። አቧራዋን በመዳፉ ጠረገና ለአያ ደሴ ዘረጋለት።

"ቆይ እስቲ፣ አናጢው" አሉ የኔታ።

"ምነው የኔታ?"

"ልጁን በማን ቤት ሥርዓት ነው የፈተንኸው?"

"በእርስዎ።"

"አንተም እኔ ዘንድ ነበርህ። ዳዊት ስትደግም ስንት ጊዜ ሳትህ?"

አባቴ ወደ መሬት አየ። "ብዙ ጊዜ፣ የኔታ።"

"የሳተ ምን ይሆናል?"

"ከመጀመሪያው ይጀምራል።"

"መጽሐፉንስ ነጥቄህ አውቃለሁ?"

አባቴ ተሳቢዋን እንደ ያዘ ቀረ። "አልነጠቁኝም" አለ ቆይቶ። "ግን ቃሌስ? ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ።"

"ቃልህ ያለው ደሴ ዘንድ ነው። እኔም አልፈታውም፣ አንተም አትፈታውም።"

ሁላችንም ወደ አያ ደሴ ዞርን። እሱ ወገቡን ይዞ አንዴ እኔን፣ አንዴ የደማ ክርኔን፣ አንዴ ተሳቢዋን አየ። ያ ጊዜ ምን ያህል እንደ ረዘመ አልነግራችሁም። እትየ ሰብለ ከበሯ፣ "አይ ደሴ፣ ልጅ አስለቅሰህ ጥምቀት ልትውል ነው?" አለችው።

"ከዋንዛ ትሠራልኛለህ?" አለ አያ ደሴ ወደ አባቴ።

"እሠራለሁ። ኩሽኔታውን ከጋራዥህ ላክልኝ።"

"እንግዲያው ፈትቼሃለሁ። መሻከሩን ግን እንዳትጨምርበት፤ የልጅህን ሸሚዝ አይቻለሁ።"

የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። አባቴ ተሳቢዋን እግሬ ሥር አስቀመጣትና በዚያ በደረቀ ድምፁ፣ "ከግዕዝ" አለ። ክርኔን እንኳ አላየልኝም። እኔ ግን በዓለም ላይ ከዚያ የሚጣፍጥ ቃል የሰማሁ አልመሰለኝም።

ሳብዕን ያገኘሁት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው፤ በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት። ይበልጣል አልነበረም፤ የኔታም አባቴም አልነበሩም። ፈረስ ቤት ከሚባለው አገር ወገን ድንች በአህያ ጭነው የመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ ከኋላዬ ይመጡ ነበር። መታሁ፣ ሸርተት አደረግሁ፣ ከሥሬ ስትዞር አየኋት፤ ከዚያም ሁለት እግሬ በአንድ ጊዜ አገኛት። እየሄድሁ ነበር። አልወደቅሁም። እየሄድሁ ነበር።

ዘወር አልሁ። ሽማግሌው አህያቸውን አቁመው አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

"ልጄ፣ ዕቃህ ተገለበጠብህ እኮ" አሉኝ። "ማርያም ናት ያተረፈችህ።"

"አሜን፣ አባ" አልኋቸው፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ቤቴ እየበረርሁ ገባሁ። አባቴ የዋንዛውን ሳንቃ ይልግ ነበር፤ የአያ ደሴን።

"ሳብዕን አገኘሁት" አልሁት።

"ማን አየህ?"

"አንድ የፈረስ ቤት ሰው።"

"ምን አለ?"

"ማርያም አተረፈችህ አሉኝ።"

አባቴ መላጊያውን አቆመ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሲስቅ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ፤ አይቼው አላውቅማ። ከዚያ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

"እውነታቸውን ነው" አለ። "አሁን ነገ ደግሞ ከግዕዝ ጀምር።"